ሁለት እርምጃ ከስንዝር

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የጥምቀት ታቦት በገባ በማግስቱ፣ የድሬዳዋ ሙቀት እንደ ወትሮው ገና በጠዋቱ ተነሥቶ ነበር፤ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ደርቆ ፍየሎች ተኝተውበታል፤ የከዚራ ሰፈር ዛፎችም ጥላቸውን አስፋልቱ ላይ ጥለዋል። ከተማይቱ ግን ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ የእጅ ሰዓት ማየት ነበረባት፤ ይህም ለእርሷ አዲስ ነገር ነው። ከአያቶቿ ዘመን ጀምሮ ሰዓቷን የሚነግራት የባቡሩ ፉጨት ነበርና፤ ባለቤቲቱ ወጧን የምትጥደው፣ ተማሪው ከአልጋው የሚወርደው፣ በቀፊራ ገበያ ሚዛን የሚሰቀለው በዚያ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ከቀረ አሁን ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ወይ ጊዜ! የድሬ ሰው ለምሳ መዘግየት የጀመረው ያኔ ነው ብል የሚከራከረኝ አይኖርም።

በዚያች ጠዋት ወልደ ማርያም የተባለ ሰው በገዛ ቤቱ ጓሮ፣ በማድ ቤቱ ግድግዳና በአጥሩ ግንብ መካከል ቆሞ መሬቱን በእግሩ ይለካ ነበር። ሁለት እርምጃ ሆነ፤ የተረፈውንም ጎንበስ ብሎ በእጁ ቢለካው አንድ ስንዝር ነው። ግንቡ አዝኖለት ፈቀቅ ይል ይመስል እንደገና ለካ፤ ግንቡ ግን አልተነቃነቀም።

ይህ ሰው በሽመንደፈር፣ ማለት በምድር ባቡሩ ግቢ፣ ብረት በእሳት አግሎ በመዶሻ መልክ በማስያዝ ሠላሳ አራት ዓመት ያገለገለ፣ አሥራ ስድስቱንም ዓመት የክፍሉ አለቃ ሆኖ «ሼፍ» እየተባለ የኖረ ነው። ስድሳ ዓመት ሲሞላው በደንቡ መሠረት ጡረታ ወጣ፤ ባልደረቦቹም በስንብቱ ቀን ክንድ የማይሞላ የሐዲድ ቁራጭ ከመውጫ ወረቀቱ ጋር ሰጡት። ሌላው ጡረተኛ ካባ ይለብሳል፤ እርሱ ብረት ተሸክሞ በጋሪ ወደ ቤቱ ገባ። አራት ወር ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያን ብረት ሲያይ ከረመ፤ እህል አልበላ አለው፤ እንቅልፉም ጠፋ። በአራተኛው ወር «እንዲህ ተቀምጬ ከምሞት እሳት አነዳለሁ» ብሎ ተነሣ።

በጠባብ ቦታ እሳት ማቆም ጥበብ ይጠይቃል፤ ዘበት አይደለም። በትልቁ ግቢ ከእሳቱ እስከ መስፉ፣ ማለት ብረቱ እስከሚቀጠቀጥበት ድረስ፣ አራት እርምጃ ነበር፤ እዚህ ግን ሰው ተረከዙ ላይ አንድ ጊዜ ዞሮ መድረስ አለበት። ወልደ ማርያም ግማሽ በርሜል ቆርጦ፣ ውስጡን በኩይሳ አፈርና በአመድ ለስኖ ምድጃውን ማዕዘኑ ላይ አደረገው። ወናፍ የሚገፋ ሰው ስለሌለው ከአሮጌ ፔጆ ታክሲ የተፈታ ማራገቢያ በባትሪ አስነሣ። የጣራውን ቆርቆሮ መዶሻ ሲነሣ እንዳይነካው ሦስት ስንዝር ከፍ አደረገ፤ ጉጠቶቹን በየመጠናቸው ግንቡ ላይ ሰቀለ፤ የውሃውን ባልዲ በግራ እግሩ በኩል አኖረ። በመጨረሻም የግራር ግንድ እስከ ወገቡ ቀብሮ፣ እጁን አንጠልጥሎ ጭብጡ የሚደርስበትን ከፍታ አይቶ፣ ያን የሐዲድ ቁራጭ መስፍ እንዲሆነው በላዩ አቆመ። ያቆመውም መሐል ላይ ነው፤ ስሕተቱ ያ ነበር።

ሚስቱ አሰገደች እጇን በወገቧ ላይ አድርጋ ከማድ ቤቱ በር ታየው ነበር። አባቷ ከቡልጋ መጥተው በድሬዳዋ በጸሐፊነት የኖሩ፣ ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው የማይሳሳቱ ሰው ነበሩ፤ እርሷም ዓይኗ እንደ አባቷ ነው፤ ስሕተት አያልፋትም።

«ኧረ ሰውዬ፣ ቆመህ ሞክረው እስቲ! ክርንህ ግንቡን ሊመታ ነው። መስፉን ወዲያ ብትገፋው ምን ነበረበት? ከመስፉ ማዶ ያለው ባዶ ቦታ ለማን ነው?»

«ተይዟል» አለ ወልደ ማርያም ሳያስበው።

«በማን?»

በማን እንደተያዘ እርሱም ራሱ ያወቀው እርሷ ስትጠይቀው ነው። በትልቁ ግቢ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመስፉ ማዶ የቆመ ሰማታር የሚባል ሰው ነበረ፤ ወልደ ማርያም በትንሿ መዶሻ የጋለውን ብረት ጠቆም ሲያደርግ፣ ሰማታር በትልቁ መዶሻ ልክ እዚያው ላይ ያሳርፍ ነበር። ጠቆም፣ ዱብ፤ ጠቆም፣ ዱብ። ጠዋት የተጀመረው እስከ ምሳ ድረስ ያለ ቃል ይሄድ ነበር። እንግዲህ እጁ ነው ቦታውን የተወለት፤ ሁለት እርምጃ ከስንዝር በሆነች ጋጥ ውስጥ ግማሹን ለሌለ ሰው ሰጥቶ ክርኑን የሚያስቀጠቅጥ ሌላ ማን አለ!

አሰገደች የመጣችበት ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። «ስማኝ» አለችው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የፊታችን እሑድ የግሩም ሽማግሌዎች ልጃችንን እፀገነትን ለጋብቻ ሊጠይቁ ይመጣሉ። የሚመሩአቸው ግራዝማች ዓለምሰገድ ናቸው፤ የእርሳቸውን ነገር ታውቃለህ። በግቢዬ እሳትና መዶሻ ቢያዩ ‹የጠይብ ልጅ ናት፣ ከቡዳ ቤት አንገባም› ብለው ነው የሚወጡት። አንድ ልጄን ጠይብ ልታሰኝብኝ ነው?»

«ሠላሳ አራት ዓመት ይኸንኑ ስሠራ ጠይብ ያለኝ ማን ነው?»

«ያኔማ የሽመንደፈር ሰው ነበርህ!»

እውነቷን ነበር። በዚያ ግቢ በር የገባ ብረት ቀጥቃጭ ሰማያዊ ልብስ ለብሶ፣ ደሞዙን ቆጥሮ፣ በለቅሶ ቤት ከፊት እየተቀመጠ የተከበረ ሰው ይሆናል፤ ያው እጅ፣ ያው መዶሻ ከበሩ ውጪ ሲሆን ግን ስሙ ይለወጣል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው እኔ አላውቅም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

በማግስቱ ወልደ ማርያም ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ ወረደ። ሰማታር ከእርሱ ቀድሞ ጡረታ ወጥቶ ፓስታና የሻይ ቅጠል የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፍቷል፤ ሚስቱ ኹርሲም ከጎኑ ጨርቅ ትሸጣለች።

«ዋርያ ወልዴ! ግባ አቦ፣ ምን በር ላይ ትቆማለህ!» ብሎ አቀፈው፤ ሻይም መጣ። ወልደ ማርያም በጓሮው ትልቁን መዶሻ እንዲይዝለት ሲጠይቀው ግን ሰማታር ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ወላሂ እጄ ይፈልጋል» አለ። «ልቤም ይፈልጋል፤ አልዋሽህም። ግን እናንተ ጠይብ የምትሉትን እኛ ቱማል እንላለን። በሽመንደፈር ስመታ የሽመንደፈር ሰው ነኝ፤ በሰው ጓሮ ስመታ ግን ቱማል ነኝ። ልጆች አሉኝ ወልዴ፤ ማን ይድርልኛል?»

«እኔም እኮ የምድራት ልጅ አለችኝ።»

«እንግዲያ ታውቀዋለህ!»

ምን ይባላል? ያውቀዋል። ወልደ ማርያም ሻዩን ጨርሶ ወጣ፤ በመንገዱም ሁሉ አዘነ፤ በጓደኛው ግን አልተቀየመም። ቤቱ ሲደርስ ለአሰገደች ማለላት፤ እሑድ መስፉ በሸራ ይሸፈናል፤ እሳት አይነድም፤ ሽማግሌዎቹ ወጥተው እስኪሄዱ አንዲት ድምፅ ከጓሮ አይሰማም። እስከዚያም ብቻውን አንዲት ዶማ ሠራ፤ በሠራ ቁጥርም በትንሿ መዶሻ ጠቆም አድርጎ፣ የማይመጣውን ምት ይጠብቅ ነበር። ብረቱ እስኪቀዘቅዝበት ድረስ መጠበቁ ራሱንም አሳፈረው።

እሑድ ደረሰ። ግራዝማች ዓለምሰገድ የሰማንያ ሁለት ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ማዕረጉን በጃንሆይ ጊዜ ያገኙት፣ ከዚያ ወዲህ የመጣው መንግሥት ሁሉ ቢለዋወጥም እርሳቸው ከዘራቸውን ያልለወጡ። በሦስት ሽማግሌዎች ታጅበው ገቡ፤ ደጅ ላይ ቆመው «ቆመን እንናገር ወይስ ተቀምጠን?» አሉ፤ እንደ ወጉ ተለምነው ተቀመጡ። የእፀገነትን ጨዋነት አመሰገኑ፤ የእናቷን አባት እንደሚያውቋቸው ተናገሩ፤ አሰገደችም ከደስታዋ ብዛት የቀሚሷን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር።

«አቶ ወልደ ማርያምስ» አሉ ግራዝማች፣ «በሽመንደፈር የተከበሩ አለቃ እንደነበሩ ሰምተናል።»

«ነበሩ፤ አሁን በጡረታ አርፈው ተቀምጠዋል» አለች አሰገደች ቀድማ።

ይህን ጊዜ ከጓሮ ሦስት ጊዜ የብረት ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ እየተጎተተ የሚቀር።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ምንድን ነው እሱ?» አሉ ግራዝማች።

«ጎረቤት ነው፤ ቤት ያድሳሉ» አለች አሰገደች፤ ፊቷ ግን ዐመድ መሰለ።

ወልደ ማርያም ብቻ ነበር የሚያውቀው። በሽመንደፈር ባለ ትልቁ መዶሻ ጠዋት ሲገባ ባዶውን መስፍ ሦስት ጊዜ ያሰማል፤ «ደርሻለሁ» ማለት ነው፤ አለቃውም ካልመለሰ ሥራ የለም ማለት ነውና ሰውየው ይሄዳል። ሰማታር ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሱቁ ውስጥ የሚዛኑን ሰሐን በኪሎው ብረት ሲጠቁም ከርሞ፣ ኹርሲ በመጨረሻ «ሚዛኑን ሰበርከው እኮ! ሂድና ብረትህን ምታ፤ ልጆቹን እኔ እድራለሁ!» ብላ አስወጣችው። ስለ ሽማግሌዎቹ የነገረው የለም፤ በጓሮ በር ገብቶ ሸራውን ገለጠ፤ ከመስፉ ማዶ የተተወለትን ቦታ አየ፤ ዓይኑም እንባ ሞላ። ከዚያ አሰማ።

ድምፁ ሁለተኛ መጣ፤ ሦስት ጊዜ። ወልደ ማርያም ሚስቱን አየ፤ ልጁ ከጓዳ መጋረጃ ኋላ እንዳለች ያውቃል፤ መሐላውንም አልረሳም። ተነሥቶ ቆመ።

«ግራዝማች፣ ይቅርታዎን ይስጡኝ። ጎረቤት አይደለም፤ የሥራ ጓደኛዬ ነው፤ እኔን ጠርቶ ነው። ከጓሮ ብረት መቀጥቀጫ አቁሜአለሁ። ይህች ልጅ ያደገችው በዚሁ ሥራ ነው፤ ሼፍ ያሉኝም ለዚሁ ሥራ ነው። ከበሩ በመውጣቴ ስሙ ይለወጥ እንደሆነ እርስዎ ይፍረዱ።»

«እኔ የምፈርደው የለም» አሉ ግራዝማች፤ ቁጣ አልነበረባቸውም። «አባቶቼ ፈርደውት ነው የሄዱ።» ከዘራቸውን አነሡ። «ተማክረን እንመለሳለን።»

የዚህን ቃል ትርጉም የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። በሩ ሲዘጋ አሰገደች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ «አዋረድኸኝ! በቁሜ ገደልኸኝ!» ብላ አለቀሰች። እፀገነት ከጓዳ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ካልተመለሱ የቀሩት በእኔ ነው፤ በአንቺ አይደለም። እኔ ደግሞ እንደምታዪኝ አላለቀስኩም።»

ወልደ ማርያም ወደ ጓሮ ሄደ። ሰማታር ከመስፉ ማዶ ቆሟል፤ ሰማያዊውን የሽመንደፈር ልብሱን ለብሶ፣ ቁልፉን እስከ አንገቱ ዘግቶ፤ የሚያየው ሰው የሽመንደፈር ሰው እንዲለው መሆኑ ለወልደ ማርያም ገባው። እርሱም የራሱን ሰማያዊ ልብስ ከሚስማሩ አውርዶ ለበሰ፤ እሳቱን አስነሣ፤ ብረቱ ሲቀላ አውጥቶ ጠቆም አደረገ። ዱብ! ምቱ ልክ በቦታው አረፈ፤ ክርኑ ግንቡን ቢመታውም አልተሰማውም። በዚያች ቅጽበት ትልቁ ግቢ፣ ከሰሉ፣ ፉጨቱ፣ የሞቱት ባልደረቦች ሁሉ በሁለት እርምጃ ከስንዝር ውስጥ ገብተው ቆሙ፤ ሁለቱ አዛውንቶችም እያለቀሱ መቱ።

ጾሙ ገብቶ ተፈታ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ ግሩም ራሱ ለምኗቸው ተመለሱ፤ ግራዝማች ግን አልነበሩም፤ በሠርጉም ቀን አልመጡም። እንደ ፈረዱ ሞቱ። አሰገደችም ለብዙ ዓመት ጓሮውን ሳታይ በሌላ በኩል ታልፍ ነበር፤ ይቅርታ እንዲህ እንደ ተረት ቶሎ አይመጣም። የጀልዴሳና የሐርላ ገበሬ ግን መጥረቢያውንና ዶማውን ይዞ ይመጣ ነበር፤ ሁለቱም ሰማያዊ ልብሳቸውን ሳይለብሱ መዶሻ ያነሡበት ቀን አልነበረም።

ወልደ ማርያም በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ዐረፈ፤ አዲሱ የባቡር መስመር ከከተማው ወጣ ብሎ ከተሠራው ጣቢያ ጋር በተመረቀበት ዓመት። ስለ አሮጌው ባቡር ብዙ ተጽፏል፤ ሐዲዱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ማን እንዳዋዋለ፣ ማን እንደመረቀ ሁሉ ተመዝግቧል። ያን ብረት አግለው የኖሩትን ሰዎች፣ በሩ ሲዘጋባቸውም ስማቸው የተለወጠባቸውን የመዘገበ ግን የለም። ታሪክ ረጅሙን መንገድ ይለካል፤ ጓሮ ገብቶ በስንዝር አይለካም።

ሰማታር ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ደቻቱን በከዘራ ተሻግሮ ይመጣል፤ መስፉ እንዳይዝግ ዘይት ይቀባና ከማዶው፣ በድሮ ቦታው፣ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። አሰገደች ሻይ ታቀርብለታለች። ባለፈው ዓመት አንድ ጎልማሳ የሞባይል ጠጋኝ ያችን ጋጥ ሊከራይ መጣ፤ ከግንብ እስከ ግንብ በሜትር ለካና ደስ አለው።

«እማማ፣ ጠባብ ብትሆንም ለእኔ ትበቃለች። ባዶዋን ነው እኮ ያለችው፤ ማንም የለባት።»

አሰገደች እጇን በወገቧ ላይ አደረገች፤ መስፉን አየች፤ ከመስፉ ወዲህና ወዲያ በእግር ብዛት የጎደጎዱትን ሁለት የመሬት ስፍራዎችም አየች።

«ተይዟል» አለችው።