በአንድ ታንኳ የመጡ

ሌይማስ ያን ሁሉ ቃል ለቅማ ባትሰጠው ኖሮ ዛሬ የቶማኪ ሚስት በሆነች ነበር።

ቶማኪ የላማሩ መንደር ልጅ ነው፤ ዋና ከተማው ፖርት ቪላ ተምሮ የደሴቲቱን ቋንቋዎች ዝምድና ሊያጠና ተመለሰ። እሷ ከተራራው ማዶ የፔሌሳ ልጅ ናት። ላማሮች ከባሕር መጣን፣ ፔሌሶች ከዋሻ ወጣን ይላሉ፤ ባዕድ ለባዕድ ናቸውና ሲጋቡ ኖረዋል። አባቶቹ በአንድ ታንኳ የመጡ ዘር ግን እርስ በርሱ አይጋባም፤ ይህን ሕግ የሚደፍር የለም።

መጀመሪያ ያገኛት ጎደሬ ስትልጥ ነበር።

«ጨረቃን ምን ትሏታላችሁ?»

«ፑላ።»

«እኛ ቩላ። ድንጋይስ?»

«ፓቱ። አንተ ደግሞ ቫቱ ልትል ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ከንፈርህን እያየሁ ነዋ!» አለችና በራሷ አፍ አፍራ አቀረቀረች።

ከዚያ በኋላ እየዞረች ከአሮጊቶች የዓሣና የነፋስ ስም ትለቅምለት ጀመር። ፊቱ ሲበራ ማየት ደስ ይላት ነበር።

«የእናንተ ፕ እኛ አፍ ውስጥ ላልቶ ቭ ሆኗል» አላት አንድ ቀን። «አንድ ሁለት ቃል ላይ ቢሆን ተዋውሰን ነው እል ነበር። በሁሉም ላይ ሲሆን ግን ከአንድ እናት መወለድ ነው።»

«እሺ መምህር! የቃሉን መወለድ ተወውና ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?»

ላከ። ቤተሰብ ተስማማ፤ ሠርጉ ከቦዬ መከር በዓል በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። በበዓሉ ላይ ቶማኪ ያገኘውን እንዲናገር ተጋበዘ።

«ቋንቋዎቻችን እህትማማች ናቸው» አለ በኩራት። «አባቶቻችን የመጡት በአንድ ታንኳ ነው!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ሽማግሌው ካሎሪስ ግን አላጨበጨቡም።

«በአንድ ታንኳ ነው ያልከው ልጄ?»

«አዎ አባባ። ግን እኮ ከሺህ ዓመታት በፊት ነው!»

«ደም ስንት ዓመት ሲሞላው ነው ውሃ የሚሆነው?»

ሰው ሳቀ። ካሎሪስ ግን አልሳቁም።

«እስከ ዛሬ የተጋባነው ሳናውቅ ነው፤ ለሱ ይቅር ይበለን። ከእንግዲህ ግን አውቀናል። ተሳስተህ ይሆን እንዴ?»

ሌይማስ ከሴቶቹ መሃል ዓይኑን ፈለገች። እንጃ ቢል ይበቃ ነበር። «እንጃ በል» አለችው በዓይኗ፣ «እባክህ እንጃ በል።» እሱም ተመለከታት፤ ብዙ ተመለከታት።

«አልተሳሳትኩም» አለ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ቢዋሽ ኖሮ እንቀው ነበር እያለች እስከ ዛሬ ራሷን ታጽናናለች። ውሸቷን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሟ ሆነ። በእነሱ ዘንድ ወንድምና እህት አይቀላለዱም፣ ስም አይጠራሩም፤ መንገድ ላይ ከተገናኙም ወንድም ፊቱን አዙሮ እህቱን ያሳልፋል።

ከሌላ ደሴት የመጣ ሰው አገባት። በሠርጉ ቀን የወንድም ድርሻ የሆነው የአሳማ ጭን በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ለቶማኪ ተሰጠ። አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ።

ወደ ጀልባው ስትወርድ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ወዲያው ወደ ቁጥቋጦው ገብቶ ጀርባውን ሰጣት።

«ወንድም ማለት እንዲህ ነው!» አሉ ሚዜዎቹ።

ሌይማስ በአጠገቡ ስታልፍ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ «ፑላ» አለች በለሆሳስ።

ቩላ ብሎ ይሆን? ፊቱን አዙሮ ነበርና ከንፈሩን አላየችም።