ከሦስቱ ሁለቱ

ሐሙስ ጠዋት መካኒኩን ከጋራዡ ጀርባ ካለው ደረጃ ሥር አገኙት። አንገቱ ተሰብሯል። የግራ ጫማው ሁለት ደረጃ ወደ ላይ ቀርቷል።

«ወድቆ ነው» አለ የጋራዡ ባለቤት።

ኢንስፔክተሯ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ሟቹን ታውቀዋለች። ከሰባት ወር በፊት የማቅለሚያ ፋብሪካው ተቃጥሎ ዘጠኝ ሠራተኞች ሲሞቱ በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር። ማን እንዳስቆለፈው ካዩት አሥራ አንድ ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ያለ ፋይል ከወንፊት እንደማይሻል ስለምታውቅ፣ ክሱ እስኪከፈት ድረስ የምስክሮቹ ቃል ዩኒቨርሲቲ እንዲቀመጥ ያደረገችው እሷ ናት። መካኒኩ ፈርቶ አልናገርም ሲል «ስምህ አይወጣም፣ እኔ አለሁልህ» ብላዋለች።

አሁን አሥር ቀርተዋል። የአሥሩም ስም እዚያው መዝገብ ውስጥ ነው።

የኮምፒውተር ደህንነት ቤተ ሙከራው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የጋለ ሽቦ ይሸታል። ፕሮፌሰሩ ወንበር ስበው አስቀመጧት።

«መዝገቡን የሚከፍተው ቁልፍ ለሦስት ተከፍሎ ሦስት ካርድ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም» አሏት፣ ኮራ ብለው።

አንዱን ካርድ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛውን የዶክትሬት ተማሪያቸው፣ ሦስተኛውን ሁሉም ቀጮ የሚለው ቴክኒሻን።

«ሰሞኑን ተከፍቷል?»

ፕሮፌሰሩ ኮምፒውተሩን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ማክሰኞ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።»

«ማን ከፈተው?»

«እሱን አይመዘግብም። ሆን ብለን ነው። ካርድ ያዡን ማንም እንዳያስፈራራው...»

«ገዳዩንም ጠብቃችሁታል።»

ተማሪዋ ከፕሮፌሰሩ ጋር ተኳርፋለች፤ ስሜን ከጥናቱ ሰረዙት ብላ። ክፍሉ በሙሉ ጣቱን የቀሰረው እሷ ላይ ነበር። ኢንስፔክተሯም ግማሽ ቀኗን እሷ ላይ ጨረሰች።

«ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት የት ነበርሽ?»

ልጅቷ ያበጠ ጉንጯን አሳየቻት። «ጥርሴን እየተነቀልኩ።»

የጥርስ ሐኪሙ አረጋገጠ። ፕሮፌሰሩ ደግሞ ከስምንት እስከ አሥር ስልሳ ተማሪ ፊት ቆመው ያስተምሩ ነበር። የቀረው ቀጮ ብቻ ነው። ቀጮ ግን አንድ ካርድ ነው ያለው። ኢንስፔክተሯ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ዓርብ ማለዳ ተመልሳ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባች።

«ካርድ ጠፍቶባችሁ ያውቃል?»

«አንዴ። ቀጮ ታክሲ ውስጥ ጣለው። ከጠፋው የተለየ የቁልፍ ቁራሽ ያለበት ሌላ ካርድ ሠራንለት።»

«የጠፋውስ? አሁንም ይሠራል?»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እሱን ለማምከን ቁልፉን እንደ አዲስ መክፈል ነበረብን። ጥናቱን ለጉባኤ የምናስገባበት ቀን ደርሶ ነበር። ብቻውን ምንም አይከፍትም፣ ያገኘው ሰው ምን ያደርገዋል ብዬ ተውኩት።»

«መቼ ነው የጠፋው?»

«ምስክሮቹ ቃላቸውን በሰጡ በሁለተኛው ሳምንት።»

«አንድ እጅ አያጨበጭብም ብለውኛል» አለች። «ለሰው የተሰጠው ግን ሁለት እጅ ነው።»

ቀጮን እዚያው ቤተ ሙከራ አስቀመጠችው።

«ካርድህን አውጣ።»

ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ሌላውንስ?»

«የቱን?»

«ታክሲ ውስጥ የጣልከውን።»

«መጥፋቱን አመልክቻለሁ እኮ።»

«ኪስህን ገልብጥ።»

ከመታወቂያው ጀርባ ወጣ። ጠርዙ እንኳ አልተላላጠም።

«ለምን አላቃጠልከውም?»

ቀጮ ወለሉን አየ። «ነገ ያስፈልገኝ ነበር።»

«ለማን?»

«ለጋሼ።»

ጋሼ የሚለው የታላቅ እህቱን ባል ነው፤ የፋብሪካውን ፎርማን። ቀጮን ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገው፣ ያስተማረው እሱ ነው። ዕቃ እንዳይሰረቅ ብሎ በሩን ያስቆለፈውም እሱ ነው።

«ማን እንደመሰከረብኝ ልወቅ፣ ላናግረው ነው አለኝ። ያበላኝን ሰው እምቢ ልበለው? አንድ ስም ብቻ ሰጠሁት። የቀሩትን ለነገ ቀጠረኝ።»

«መካኒኩ መሞቱን መቼ ሰማህ?»

«ትናንት።»

«ካርዱ ግን ዛሬም ኪስህ ውስጥ ነው።»

ቀጮ ማልቀስ ጀመረ። አላባበለችውም።

ፎርማኑ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ተያዘ። ቃልህን አንሳ ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ፣ ገፋሁት አለ፤ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። ፕሮፌሰሩ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን እንደ አዲስ ከፈሉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

አመሻሽ ላይ ኢንስፔክተሯ የመካኒኩን ሚስት ልታይ ሄደች። ሴትዮዋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች።

«ገዳዩ ተይዟል።»

«ባሌስ መናገር አልፈለገም ነበር» አለች ሚስቱ። «አንዲት ሴት ናት አለሁልህ ብላ ያግባባችው። እሷን ብታገኙልኝ። የምጠይቃት አለኝ።»

ኢንስፔክተሯ እንፈልጋታለን ብላ መውጣት ትችል ነበር። ማን እንደሆነች የሚነግርባት ሰው ሞቷል።

«እኔ ነኝ» አለቻት።

ሚስቱ አልጮኸችም። ትክ ብላ አየቻት።

«ለሌሎቹም እንዲሁ ብለሻቸዋል?»

«አዎ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ለአሥሩም።»