የተሰረቀው የራድሚላ ድምፅ

አኮርዲዮኑ አለ። ከበሮው አለ። ባሱም ሳይጓደል አለ። የጠፋው የራድሚላ ድምፅ ብቻ ነው።

የድምፅ ባለሙያው ቩካን የአዲሱን አልበም ዘፈኖች አንድ በአንድ ከፍቶ አሰማት። መግቢያው ይመጣል፣ ዜማው ይንደረደራል፣ እሷ የምትገባበት ቦታ ሲደርስ ባዶ ነው። ሙዚቀኞቹ ሙሽራዋ የቀረችበት ሰርግ ላይ እንዳሉ ሁሉ ዝም ብለው ይጫወታሉ።

«ቅጂውስ?» አለች ራድሚላ በሹክሹክታ።

ቩካን የብረት ሳጥኑን አሳያት። ባዶ ነው። ቅጂው የነበረበት ዲስክ የለም። ሳጥኑ አልተሰበረም፤ የስቱዲዮው በርም አልተነካም። ሌባው ቁልፍ ያለው፣ የፈለገውንም የሚያውቅ ሰው ነው።

ራድሚላ የምታንሾካሽከው ምስጢር ኖሯት አይደለም። ሐኪም ከልክሏት ነው። ጉሮሮዋ ውስጥ እባጭ በቅሏል። ሐኪሙ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ ቀዶ ጥገና እንደሚደረግላት፣ ከዚያ ወዲያ መናገር እንደምትችል፣ ስለ መዝፈን ግን ቃል እንደማይገባላት ቁርጡን ነግሯታል። እስከዚያው ጮክ ብሎ ማውራት እንኳ አይፈቀድላትም። እንግዲህ ድጋሚ እንቅረጽ አይባልም። ዲስኩ ካልተገኘ ራድሚላ የመጨረሻ ዘፈኖቿን ሳታሰማ ዘፋኝነቷ አበቃ ማለት ነው።

አላለቀሰችም። ካፖርቷን ቆለፈችና «ፖሊስ ጥራ» አለችው ቩካንን። «እስኪገኝ ድረስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ይህች ሴት ዩጎዝላቪያ የሚባል አገር ሳለ ከዳር እስከ ዳር የሚያውቃት ዘፋኝ ነበረች። አገሩ ሲፈርስ እሷም ተረሳች። ብዙ ዓመት ጠፍታ ከሁለት ዓመት በፊት «ወንዙ ይመለሳል» በሚል አልበም ብቅ ስትል ቤልግሬድ ጉድ አለች። በተለይ አዝማቹ ላይ ያለው ሽቅብ የሚወጣ ጩኸት መነጋገሪያ ሆነ። እሱን ለመምሰል ሲሞክር ድምፁ ያልተዘጋ ሚዜ አልነበረም።

ከዚያ ያው የሰው ወሬ ተከተለ። አንዴ ቀናት፣ ሁለተኛ አይሞላላትም ተባለ። ራድሚላም እልህ ያዛትና ተከታዩን አልበም «የቀረኝ» ብላ በራሷ መንገድ ሠራችው። የማሽን ጋጋታ የለም። የዢካ አኮርዲዮን ፊት ለፊት፣ የእሷ ድምፅ እንዳለ፣ ወፍራም፣ አንዳንዴም ስንጥቅ የሚል። ያንን የመጀመሪያ አልበም ያቀናበረው ነቦይሻ በጋውን ሙሉ ሲሟገታት ከረመ። ሕዝቡ የሚወደው ጩኸትሽን ነው ቢላት፣ እንግዲያው ሹክሹክታዬን ይልመድ ብላ አፉን አስያዘችው።

ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ኤቴልካ ቫርጋ ትባላለች። ከሰሜን፣ ከሱቦቲካ የመጣች የሃንጋሪ ዘር ካቶሊክ ናት። አትቀመጥም፣ አትስቅም፣ የሰጧትን ሻይ አትጠጣም።

የስቱዲዮው ቁልፍ ያለው ከራድሚላ ሌላ ሦስት ሰው ጋ ነው። ቩካን፣ ሥራ አስኪያጇ ፕሬድራግ፣ እና ነቦይሻ። ቩካን ስርቆቱ በተፈጸመበት ምሽት ልጁን ቶንሲል አስወጥቶ ሆስፒታል አድሯል፤ ነርሶቹ መሰከሩለት። ጥርጣሬው ሁሉ ፕሬድራግ ላይ ወደቀ። ፖሊስ ስቱዲዮው ሳይደርስ የስርቆቱ ወሬ ጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ ወጥቶ ነበርና።

«ትናንት ምሽት የት ነበሩ?»

«ቴሌቪዥን ላይ። አላዩኝም?»

«ቴሌቪዥን የለኝም።»

«እንግዲያው በአገሩ ያላየኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ከፖሊስ በፊት ለጋዜጣ የደወሉት ለምንድን ነው?»

«ፖሊስ አልበም አይሸጥልኝማ።»

ኤቴልካ ልታስረው ትንሽ ቀርቷት ነበር። ግን እውነትም በቀጥታ ስርጭት ላይ ተቀምጦ ስለ ራድሚላ ሲለፈልፍ ነው ያመሸው። ፕሬድራግ የሰው መከራ የሚሸጥ ሰው ነው። መከራውን ግን አልፈጠረውም።

ቀረ ነቦይሻ። እሱ ደግሞ ዢካ ቤት ነበርኩ አለ።

ስርቆቱ የተፈጸመበት ዕለት ኅዳር ሚካኤል ነው። በዚያ አገር እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአያት ቅድመ አያት የወረሰው አንድ ጻድቅ ወይም መልአክ አለው፤ በዓመት አንድ ቀን ይዘክረዋል። የአኮርዲዮን ተጫዋቹ የዢካ ቤት የሚዘክረው ሚካኤልን ነው። ለዝክር ማንም ማንንም አይጠራም። የሚያውቅ ይመጣል፤ የመጣም አይመለስም። ቤቱ ሞልቶ ይፈሳል። ራድሚላ ለዢካ አበልጁ ናት፤ ልጇን ክርስትና ያነሳላት እሱ ነው። ሆኖም የዚያን ቀን በጭስና በጫጫታ መሀል ልናገር ብል ጉሮሮዬ ያልቃል ብላ፣ ይቅርታ ልካ ቀርታለች። እስከዚያ ዓመት ቀርታ አታውቅም ነበር።

ኤቴልካ ዢካን ጠይቃው ነበር። ነቦይሻ መጥቶ ነበር ወይ ብትለው ሳቀባት። «እመቤቴ፣ መጣሁ ካለ መጣ ነዋ! የዝክር እንግዳ ማን ይቆጥራል? ደግሞ ከሦስተኛው አረቄ በኋላ እኔ ራሴ መኖሬንም እንጃ።»

በማግስቱ ኤቴልካ ዜሙን በሚባለው ሰፈር ከዳኑብ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ራድሚላ ቤት መጣች።

«ሁለቱ ነጹ፤ የነቦይሻንም ቃል የሚያፈርስ አላገኘሁም» አለቻት። «ቁልፉን ያስቀረጸ ሌላ ሰው መኖር አለበት።»

ራድሚላ ጠጋ አለች። «ነቦይሻ ያለሽን ቃል በቃል ንገሪኝ።»

ኤቴልካ ነገረቻት። እንደገባ ሻማው ፊት አማተበ። በር ላይ ካለው ትሪ በማንኪያ ንፍሮ ቀመሰ። በጥቅል ጎመን የተጠቀለለ ሥጋ በላ። አረቄ ጠጣ። አምሽቶ ሄደ።

ራድሚላ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«ንፍሮ ነው ያለሽ?»

«አዎ። የስንዴ ንፍሮ፣ በስኳርና ዋልኑት በሚሉት ለውዝ። ዝክራችሁ ላይ ይቀርብ የለም እንዴ?»

«ለኒቆላዎስ ይቀርባል። ለጊዮርጊስም ይቀርባል። ዢካ ቤት ግን ለሚካኤል አይቀቀልም።»

«ለምን?»

«ንፍሮ ለሞተ ሰው ነዋ። ጻድቃኑ ሞተዋል፤ ሚካኤል መልአክ ነው፣ መቼ ሞቶ ያውቃል? ለሕያው ንፍሮ ነውር ነው። የዢካ ሚስት ዴሳንካ ይህን ብትሰማ በማማሰያ ነው የምታባርረው።»

ኤቴልካ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ነቦይሻ ይህን እንዴት አያውቅም?»

ራድሚላ አሰበች። የነቦይሻ አባት የድሮው ሥርዓት ኮሎኔል ነበር፤ ቤቱ ሻማ በርቶበት አያውቅም። ዝክር የሚያውቀው በእንግድነት ነው፤ ይበልጡንም እሷ ቤት። እሷ ደግሞ የምትዘክረው ኒቆላዎስን ነው፣ በንፍሮ። ዝክር ሁሉ አንድ መስሎት ያየውን ተናገረ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ነቦይሻ ሁለቱም ደርሶበታል።

አመማት። ከዲስኩ መጥፋት በላይ ይህ አመማት። ማንም ስልኳን በማያነሳበት ዘመን ቤቷ ድረስ መጥቶ «ራዳ፣ ተነሺ» ያላት እሱ ነው።

«እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች።

«አይፈቀድም።»

«የተሰረቀው ድምፅ የኔ ነው።»

ኤቴልካ አልተከራከረችም።

የነቦይሻ ቤት ግድግዳው ሁሉ የድሮ የክር ካሴት ነው። ራሰ በራው ሰውዬ በሩን ከፍቶ ራድሚላን ሲያያት ደነገጠ፤ ወዲያው ፈገግ አለ። «ራዳ! አንቺ መተኛት አልነበረብሽም?»

«አንድ ሁለት ጥያቄ ቀርቶኝ ነው» አለች ኤቴልካ። «ዢካ ቤት ከማን ጋር ተቀመጡ?»

«ከምድጃው ጎን። ሰዎቹን አላውቃቸውም።»

«ዴሳንካን አነጋገሯት?»

«ሥራ በዝቶባት ነበር። ከሩቅ ሰላም አልኳት።»

ራድሚላ በሹክሹክታ ገባች። «ንፍሮው እንዴት ነበር?»

«እንዴት ይሆናል፣ የዴሳንካ እጅ አይደል! ዋልኑቱን አብዝታበት። እንዲያውም ደገምኩ።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ነቦይሻ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየ።

«ዴሳንካ ንፍሮ አልቀቀለችም» አለች ኤቴልካ። «ለሚካኤል ቀቅላ አታውቅም።»

«እንግዲያው… ሌላ ቤት ይሆናል።»

«የትኛው ቤት?»

ነቦይሻ ዓይኑን ወደ መደርደሪያው ሰረቅ አደረገ።

«ዲስኩ የት ነው?»

ነቦይሻ ተቀመጠ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለል ወለሉን አየ።

«ለምን?» አለች ራድሚላ። ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

«ያ ጩኸት» አለ ሳያያት። «ወንዙ ይመለሳል ላይ ያለው። የአሁን ድምፅሽ አይደለም፣ ራዳ። ስቱዲዮ ስትሞክሪው ተሰበረብሽ። ሂጂ ረፊ፣ አስተካክለዋለሁ አልኩሽ። ልጅ ሆነሽ ከቀረጽሽው ክር ላይ ቆርጬ ለጠፍኩት።»

ራድሚላ መድረክ ላይ ያ ቦታ ሲደርስ ለምን ማይኩን ወደ ሕዝቡ እንደምታዞር ትዝ አላት። ሁልጊዜ ድካም ነው ትል ነበር። በቴፕ ሲጫወት ደግሞ እየሰማች፣ ለካ አለሁ ብላ ትደሰት ነበር። ፊቷ ጋለ። አፈረች፤ ማፈሯ ደግሞ አናደዳት።

«አዲሱ ሲወጣ ሰው ያነጻጽራል» አለ ነቦይሻ። «ጆሮ ያለው ሁሉ ይነቃል። ያኔ መሳቂያ ትሆኛለሽ። አንቺን ላድን ብዬ ነው።»

«እኔን ነው ራስህን?»

ነቦይሻ በዚያች በአንድ ጩኸት የዓመቱ አቀናባሪ ተብሎ ተሸልሟል፤ ዋንጫው እዚያው መደርደሪያው ላይ ነበር።

«ነቦይሻ» አለች ራድሚላ፣ የተከለከለችውን ድምፅ እያወጣች፤ «አንተ እኮ ሳልሞት ንፍሮዬን ቀቀልክ።»

ሰውዬው ተነሳ። የልጅነት ድምፅዋ ያለበትን የክር ሳጥን ከመደርደሪያው አወረደና ከጀርባው እጁን አግብቶ ዲስኩን አወጣ።

«ላጠፋው ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለኝ» አለ። «አንዴ ልስማው ብዬ ከፈትኩት። የሚያናድደው፣ ጥሩ ነው።»

አልበሙ በተባለለት ቀን ወጣ። ከዚያ በፊት ራድሚላ ጋዜጠኞችን ሰበሰበች። ፕሬድራግ እግሯ ላይ ወድቆ ቢለምናት አልሰማችውም። «ጩኸቱ የልጅቷ ራድሚላ ነው። ይህኛው የኔ ነው። የፈለጋችሁትን ግዙ» አለቻቸው፣ ማይኩን ከንፈሯ ላይ ለጥፋ።

መጀመሪያ ተሳቀባት። አንድ የሬዲዮ አቅራቢ ለዘፋኟ የሳል ሽሮፕ እናዋጣ አለ። አታላናለች ብለው የድሮውን አልበም የመለሱም ነበሩ። አዲሱ ያንን ያህል አልተሸጠም፤ እስከ ዛሬም አልደረሰበትም። ግን የዜሙን ገበያ ዓሣ ሻጮች ወደዱት። ያንን ጩኸት ሰባት ዓመት ቢለማመዱ አይደርሱበትም። ይህኛውን ዓሣ እየከተፉ ይዘፍኑታል፤ ልካቸው ነው። ከእነሱ ገዢዎቹ ቀዱ፣ ከገዢዎቹ ወጥ ቤቱ ሁሉ ቀዳ። በጸደይ ወራት ቤልግሬድ ውስጥ መስኮት ተከፍቶ «የቀረኝ» የማይሰማበት መንገድ ጠፋ።

ራድሚላ ያኔ ቀዶ ጥገናውን ጨርሳለች። ሐኪሙ እንደፈራው ሆነ፤ መድረክ ቀረ። አዘነች፣ ከልቧ አዘነች። ግን የምትለውን ብላ ጨርሳ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ነቦይሻን በገደብ ለቀቀው። ሥራ የሚሰጠው አላገኘም፤ ሰውም ሸሸው።

ኅዳር ሚካኤል ዞሮ መጣ። ዢካ ቤት እንደ ልማዱ ጢም ብሏል። ራድሚላ ከምድጃው ጎን ተቀምጣለች። በሩ ሲከፈት ነቦይሻ ነው፤ ቆቡን በእጁ ይዟል። ማንም አልጠራውም። ወሬው ቆመ። ዢካ አኮርዲዮኑን እንደያዘ ወደ አበልጁ ዞሮ ዓይኗን ጠበቀ። ዝክር ላይ የመጣ አይመለስም፤ ግን እሷ አይግባ ብትል ያን ቀን ልማዱን ይሽር ነበር።

ነቦይሻ አማተበ። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት ዓይኑ በሩ አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛ ሄደ።

«አትፈልገው» አለች ራድሚላ በጎርናና ድምፅዋ። «ንፍሮ የለም። እዚህ ቤት የሞተ ሰው የለም።»

ከጎኗ የነበረውን ካፖርቷን አነሳችና ቦታ ለቀቀችለት።