የደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ

«ቀስ በይ» አሉ ጋሼ አንቴ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። «ፊደሏ ራሷ ላይ ምልክት ካለባት ‹ሽ› ናት፤ ከሌለባት ‹ስ›። እየዋጥሽብኝ ነው።»

ሰርካዲስ ደብዳቤውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ መስመሩን እንደገና ጀመረችው። የምታነበው አይገባትም። ግን የክሮኤሽያ ጽሕፈት ለአንባቢ ደግ ነው፤ ልክ እንደ ሀሁ፣ እያንዳንዱ ፊደል የተሰጠውን ድምፅ ብቻ ያወጣል። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሽማግሌው ይሰማሉ። የሚያስቅ ነገር ሲመጣ ብቻቸውን ይስቁና ያሳቃቸውን በእንግሊዝኛ ይነግሯታል። ባለቤታቸው ማርያ ባለፈው ኅዳር ካረፉ ወዲህ ከአገር የሚመጣላቸውን ደብዳቤ የምታነብላቸው እሷ ናት።

ሚስተር አንቴ ሎስ አንጀለስ፣ ከፒኮ ጎዳና ገባ ባለው አፓርታማ ውስጥ፣ የእነ ሰርካዲስ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው። «ጋሼ»ን የጨመረችላቸው የሰርካዲስ እናት እታገኘሁ ናት፤ የሽማግሌ ስም ራቁቱን አይጠራም ብላ። እሳቸውም ማዕረግ መስሏቸው ወደዱት። ተወልደው ያደጉት ዩጎዝላቪያ ውስጥ፣ ክሮኤሽያ ምድር፣ ሺቤኒክ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ሎስ አንጀለስ ከመጡ በኋላ አናጢ ነበሩ፤ ስኳር በሽታ ዓይናቸውን እስኪወስደው ድረስ።

በዚያ በፈረንጆቹ 1987 ጸደይ የታሪክ አስተማሪዋ ለክፍሉ አንድ ሥራ ሰጥታ ነበር፤ ከሰው አፍ ሰምታችሁ የአንድ ነገር ታሪክ ጻፉ የሚል። ሰርካዲስ ለትምህርት ቤቱ ባስኬት ትጫወታለች፤ ጋሼ አንቴ ደግሞ ከባስኬት ሌላ ወሬ የላቸውም። ስለዚህ ብዙ አላሰበችም፤ የከተማቸውን ቡድን፣ የሺቤንካን ታሪክ መረጠች።

ታሪኩን በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትንሽ ትንሽ ነገሯት። ሺቤንካ የተመሠረተው በ1973 ነው፤ እሳቸው አገር ሊለቁ አንድ ዓመት ሲቀራቸው። የትንሽ ከተማ ቡድን ነው፤ ትልልቆቹ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። በስድስት ዓመቱ ከአገሪቱ አንደኛ ሊግ ገባ። በ1982 ለአንድ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በፈረንሳዮች ተሸነፈ፤ በዓመቱ ተመልሶ ደረሰና ያው የፈረንሳይ ቡድን ደገመው። «ሁለት ጊዜ በር ላይ ደርሶ መመለስ ከባድ ነው» ይሉ ነበር ጋሼ አንቴ። ያን የሚሉት ግን የሚቀጥለውን ለማጣፈጥ ነው።

የሚቀጥለው የ1983 ሚያዝያ ነው። የአገሪቱ ሻምፒዮና የመጨረሻ ጨዋታ፣ ሺቤኒክ ላይ። ተጋጣሚው የሳራዬቮው ቡድን ቦስና ይባላል፤ ሰርካዲስ ይህን ስትሰማ አክስቷ ቦሰና ትዝ ብላት ሳቀች። ሰዓቱ አልቋል፤ ቦስና በአንድ ነጥብ ይመራል። ግን ዳኛው ለሺቤንካ ፊሽካ ነፍቷል። አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት የሺቤንካ ልጅ ብቻውን ከቅርጫቱ ፊት ቆመ። የመጀመሪያዋን ቅጣት አስገባ። ሁለተኛዋንም አስገባ። ሰማንያ ሦስት ለሰማንያ ሁለት።

«ፕርቫክ» አሉ ጋሼ አንቴ እጃቸውን አንስተው። ሻምፒዮን ማለት ነው። «ወንድሜ ሺሜ ሁሉንም ጻፈልኝ። እኔ ያን ሰሞን ዓይኔን ተቀድጄ ተኝቼ ነበር፤ ማርያ ናት ያነበበችልኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሚያዝያ ሲመጣ ኩሽና ውስጥ አስደንሳት ነበር። ኬክ ገዝተን ለሕንፃው ሰው ሁሉ እናድል ነበር።»

ሰርካዲስ ያን ኬክ በልታለች። ማርያ ሳህኑን ይዘው በር ላይ ሲቆሙ ፈገግታቸው ቶሎ እንደሚጠፋም ታስታውሳለች፤ ያኔ ልብ አላለችውም እንጂ።

ሰርካዲስም ደስ ብሏት የምትቆየው ጋሼ አንቴ ቤት ነው፤ የራሳቸው ቤት ከብዷታል። በየካቲት አንድ እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሼ ዳኛቸው ከሁለት የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ጋር መጥተው መርዶ ነገሯቸው። ካርቱም ሆኖ የአሜሪካ ወረቀቱን ሲጠብቅ የነበረው አባቷ አስፋው በወባ ሞቷል። የዘጠኝ ዓመቷ እህቷ አበባ ያን ጊዜ ጋሼ አንቴ ቤት ቴሌቪዥን እንድታይ ተልካ ነበር። ግድግዳው ስስ ነው። እናታቸው ድምፅ እንዳይወጣት ነጠላዋን ነክሳ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹም ተማከሩና ለአበባ አሁን አይነገራት፣ ልጅ ናት፣ ትምህርት እስኪዘጋ ይቆይ አሉ።

አበባ ግን የአባቷን ደብዳቤ መጠየቅ አልተወችም። የአማርኛ ፊደል አትለይም። ሰርካዲስም የድሮዎቹን ደብዳቤዎች ቀኑን እየዘለለች፣ ከራሷ እየጨመረች፣ እንደ አዲስ ታነብላታለች። ሁለት ወር ሆናት። አበባ ከጎኗ ተጋድማ ትስቃለች፤ እሷ ወረቀቱን በፊቷ ላይ ታደርጋለች።

ጽሑፉን ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው ጋሼ አንቴ የብስኩት ቆርቆሮውን ከቁም ሳጥኑ እንድታወርድ ነገሯት። የሺሜ ደብዳቤዎች ያሉት እዚያ ነው። ወንድማቸው ያን ታላቅ ዜና በጻፉላቸው በዓመቱ ሞተዋል፤ አሁን የምትጽፈው ልጃቸው ናት፤ እሷ ስለ ኳስ ደንታ የላትም።

«የ1983ቱን አውጪው» አሉ። «ቃል በቃል ጻፊው። አስተማሪሽ ከእኔ ሳይሆን እዚያ ከነበረ ሰው ትስማው።»

ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት ነበር። ሰርካዲስ የመጀመሪያውን ስታነብ ጋሼ አንቴ እንደ ጸሎት ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ በቃላቸው ያውቁታል። ገጹ አለቀና ሁለተኛውን ጀመረች። ከንፈራቸው ቆመ። ያበላሸች መሰላትና ይበልጥ ተጠንቅቃ፣ ምልክት ያለባቸውን ፊደላት ሁሉ ጠብቃ፣ አንድም ሳትውጥ ቀጠለች። ሦስተኛው መስመር ላይ ደረሰች።

«ፕርቫክ… ዬ… ቦስና።»

ፕርቫክን ታውቀዋለች። ቦስናንም ታውቃለች። ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው የገባት።

«ድገሚው» አሉ ጋሼ አንቴ።

ደገመችው። ከውጭ የፒኮ አውቶቡስ ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ እሱም ቆመ። ከዚያ ደብዳቤው የሚለውን ዝግ ባለ ድምፅ ነገሯት። ሕዝቡ ዋንጫ በላሁ ብሎ ሲጨፍር ባደረበት ማግስት፣ ፌዴሬሽኑ ጨዋታውን ሰረዘው። በዳኛው ፊሽካ የተነሳ። በሌላ ከተማ ይደገም ተባለ፤ ሺቤንካ እንቢ አለ፤ ዋንጫው ለቦስና ተሰጠ። ሻምፒዮን ሆነው ያደሩት አንድ ሌሊት ነው።

«ይቅርታ፣ ጋሼ» አለች ሰርካዲስ። «አላወቅሁም። ባላነበው ኖሮ…»

«አንቺ የተጻፈውን አነበብሽ።» እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ፈልገው ያዙት፤ በጣታቸው ዳበሱት። «ሐኪሙ ማርያን እንዳይደነግጥ ብሏት ነበር። ይህን ገጽ የዘለለችው እኔን ብላ ነው። ይገባኛል።»

ለዋንጫው ያዘኑ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ኩሽናው አዞሩ።

«ሦስት ሚያዝያ አስደነስኳት፣ ሰርካዲስ። እኔ እስቃለሁ፤ እሷ እያወቀች ትደንሳለች። ለኳስ አልነበረም የሚከፋኝ፤ ኳስ ያልፋል። ብትነግረኝ አብረን እናዝን ነበር። ብቻዋን ተሸክማው ሞተች።»

ከተጨፈነው ዓይናቸው እንባ ወረደ፤ አልጠረጉትም። ሰርካዲስ ተነስታ ከአጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያ በጽሑፏ ምን ብላ እንደምታስቀምጠው ጠየቀቻቸው። ሁለቱንም ገጽ እንድትጽፍ ነገሯት።

ወደ ቤት ስትገባ አበባ ምንጣፉ ላይ ተኝታ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። «እና፣ ዛሬስ ከአባባ መጣ?» አለች ቀና ሳትል። ሰርካዲስ አልመጣም አለቻት። አበባ ኦኬ ብላ እርሳሷን ማኘክ ጀመረች፤ ከዚያ ነገ ይመጣ ይሆናል አለች፣ ለራሷ።

እናታቸው ሆሊውድ ከምትሠራበት ሆቴል የተመለሰችው አመሻሽ ላይ ነው። ሰርካዲስ ጫማዋን እስክታወልቅ እንኳ አልጠበቀቻትም፤ መኝታ ቤት ይዛት ገባችና በሩን ዘጋች። የጋሼ አንቴን ነገር ሁሉ ነገረቻት። እታገኘሁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ያበጡ እግሮቿን እያሸች ሰማቻት።

«ለአበባ እንንገራት፣ እማዬ።»

«ሽማግሌዎች የተናገሩትን…» ብላ ጀመረችና ተወችው። «ከሦስታችን አንዷ እንኳ ትሳቅ ብዬ ነው።»

«ስትስቅ የማያት እኔ ነኝ። ከዚህ በኋላ አልችልም።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ከየካቲት ወዲህ ልጇን እንዲህ ያየቻት አይመስልም ነበር፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ትንሿን ልጇን ስታድን ትልቋን ረስታ እንደቆየች ሴት አየቻት። አቅፋ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። ሰርካዲስ ከመርዶው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ከሳሎን የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይሰማል።

ከዚያ እታገኘሁ ተነስታ ስልኩን አነሳችና ወደ ሆቴሉ ደወለች። ነገ እንደማትገባ ነገረቻቸው። ምክንያቱን ሲጠይቋት በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ባሌ ሞቷል አለች። ያን ቃል ከአፏ ስታወጣ ሰርካዲስ ሰምታት አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሰርካዲስ አበባን ጠጉሯን እየዳበሰች ቀሰቀሰቻት። ፊቷን በሞቀ ውሃ አጠበችላት። እናታቸው ከአልጋው በአንድ ወገን ተቀመጠች፤ ሰርካዲስ በሌላው።

አበባ ዓይኗን እያሸች ሁለቱንም አፈራርቃ አየች።

«ትምህርት ቤት ረፈደብኝ?»

«አልረፈደም» አለች ሰርካዲስ፤ እጇንም ያዘቻት።