በስጋጃው ላይ የወረዱ ጨረቃዎች

የኔታ ገብረመንፈስቅዱስ አንኮበር ገደል ሥር ሞተው የተገኙት ጨረቃ ፀሐይን በጋረደችበት እሑድ ነው። ኢንስፔክተር ሥርጉት በማግስቱ ከደብረ ብርሃን ስትደርስ እሳቸው ተቀብረዋል፤ ጎረቤታቸው ነጋዴው አብዱልሀሚድ በካቴና ታስሯል። ሕዝቡ በፖሊስ ጣቢያው ደጅ ሆኖ «ገዳዩን አውጡልን!» ይላል። እሷም መቀመጥ አቅቷት ክፍሉን ትዞረዋለች።

አብዱልሀሚድን ያሳሰረው የሟች የወንድም ልጅ ኃይለኢየሱስ ነው።

«ግርዶሹ ሲብስ ቀኑ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ» አላት። «ሜዳው ላይ ነበርኩ። እጄን እንኳ ማየት አልቻልኩም። ከገደሉ አፋፍ ግን አጎቴ ሲጮኹ፣ አብዱልሀሚድ ሲሳደብ ሰማሁ።»

«እርስዎስ፣ እትዬ አስካለማርያም?» ስትል የሟችን ሚስት ጠየቀች።

«እኔማ እንደ አገሬው በሬን ዘግቼ እግዚኦ ስል ነበር፤ ምን አየሁ ልበልሽ ልጄ! ብቻ ይሄን ሰውዬ ዓይኑን አታሳዪኝ።»

አብዱልሀሚድ በካቴና የታሰሩ እጆቹን ወደ እሷ ዘረጋ። «ወላሂ ከመጋዘኔ አልወጣሁም! ፀሐይ ስትጋረድ የምንሰግደው ረጅም ሰላት አለ። ዓይኔ ስጋጃው ላይ ነው። በቆርቆሮ ጣራው ቀዳዳዎች ትናንሽ ጨረቃዎች ወረዱበት። ቀጥነው ቀጥነው ጥፍር አከሉ፤ ከዚያ ቀንዳቸው ወደ ሌላው ጎን ዞሮ እንደገና ወፈሩ።»

ፖሊሶቹ ሳቁበት። ሥርጉት ግን ሁሉንም ይዛ መጋዘኑ ገባች።

«ወለሉን እዩት» አለች። «ዛሬ የወረደው ብርሃን ክብ ነው። በጠባብ ቀዳዳ የሚገባው የፀሐይዋ መልክ ነዋ! ትናንት ግቢዬ ውስጥ ወንፊት ይዤ ቆሜ እሱ ያለውን አንድ በአንድ አይቻለሁ። ቀንዳቸው የሚዞረው ግርዶሹ ሲበረታ ነው። ያንን ያየ ሰው በዚያች ሰዓት እዚሁ ነበር። አፋፉ ላይ ብርሃኑን በቀዳዳ የሚያሳልፍ ጣራም ዛፍም የለም።»

«ሰው ነግሮት ይሆናላ!» አለ ኃይለኢየሱስ።

«ማን? ሁላችሁም በር ዘግታችኋል፤ እሱም ወዲያው ታሰረ። ጥፍር የምታህል ፀሐይ እስከ መጨረሻው ነበረች። ቀኑ ደበዘዘ እንጂ አልጨለመም። ውጭ የነበረ ሰው ይህን ያውቃል። ነበርኩ ያልከው አንተ ብቻ ነህ፤ ሌላው ስላላየ ጨለመ ብል ማን ይከራከረኛል አልክ። ጨለማውን ለምን ፈለግኸው?»

አስካለማርያም ደረቷን መታች። «ወይኔ! ሎጅ ልሥራበት ብትል አጎትህ መሬቱን ስለከለከሉህ ነው?»

«አንዴ ነው የገፋኋቸው» አለ ኃይለኢየሱስ፣ «አንዴ ብቻ።»

ካቴናው ወደ እሱ እጅ ዞረ። አብዱልሀሚድ ግን ወደ ቤቱ አልሮጠም።

«እትዬ፣ የኔታን አፈር ሳላለብሳቸው ቀረሁ» አለ እያለቀሰ። «የት ነው ያሳረፋችኋቸው?»

አስካለማርያም ቀና ብላ ልታየው አፈረች። ካቴና ያሳበጠውን እጁን ቀስ ብላ ያዘችና «ና፣ ላሳይህ» አለችው።