ከግድግዳው ማዶ ያለችው ተፈታኝ

የሚጡ ወንድም የመጽሐፉን ገጽ ሳይገልጠው ቃሉ ቀድሞ ከግድግዳው ማዶ መጣ።

«ኤሉሲቭ» አለ የሴት ድምፅ። ትንሽ ቆይቶም፣ «የማይጨበጥ፤ የሚያመልጥ።»

ሚጡ ከሒሳብ የቤት ሥራዋ ቀና አለች። ወንድሟ ጣቱን የገጹ ጠርዝ ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቀርቷል። ከዚያ ቀስ ብሎ ገለጠው። ገጹ ላይ ከሁሉም በላይ የተጻፈው ያው ቃል ነበር።

«ሰማሽ?» አላት።

«ሰማሁ ጋሼ።»

ወደዚህ ቤት ከገቡ ገና ወር አልሞላቸውም። ወላጆቻቸው ሩቅ ስለሚኖሩ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ወንድሟ ቀን መድኃኒት ቤት ይሠራል፤ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያወልቅ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የእንግሊዝኛ ቃላት ማጥናት ይጀምራል። ቃላቱ ሰው ሲያወራባቸው ተሰምተው የማይታወቁ፣ ምላስ የሚያስሩ ናቸው። አምና የጣሉት እነሱ ስለሆኑ ዘንድሮ ጥርሱን ነክሶ ይዟቸዋል።

መጀመሪያ ላይ ነገሩን በቀልድ ነበር ያለፈው። ጎረቤታችን ተፈታኝ ናት፤ የያዘችውም የኔኑ መጽሐፍ ነው፤ ቃላቱ በፊደል ተራ ስለተደረደሩ ነው የምንገጣጠመው አለ። እንዲያውም ሚጡን፣ «ቆንጆ ከሆነች አብረን እናጥና በያት» ብሎ አስቋት ነበር።

እየቆየ ሲሄድ ግን ሳቁ ጠፋ። የሚያጠና ሰው ወደፊት ይሄዳል፤ ይሳሳታል፤ ይረሳል፤ ይናደዳል። ይህ ድምፅ አይሳሳትም፤ አይቸኩልም። ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ይጀምርና «ሌተንት፤ ውስጥ ውስጡን ያለ፣ ያልታየ» ሲል ዝም ይላል። በማግስቱ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሣል። ከ«ሌተንት» ያለፈበት ቀን የለም።

ወንድሟ መድኃኒት እየሸጠ ሳለ ድምፁ ጆሮው ውስጥ እንደሚመጣበት ነገራት። እሷም አልነገረችውም እንጂ ክፍል ውስጥ ፈተና ላይ ሁሉም ጸጥ ሲል ትሰማው ጀምራለች። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ በዚያ መስኮት ሥር ማለፍ ስለምትፈራ ግቢውን ዞራ ነው የምትሄደው።

በመጨረሻ ወንድሟ መረረው። ሄደሽ ድምፅሽን ቀንሺ በያት፤ ሴት ለሴት ትግባባላችሁ አላት። ሚጡ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች፣ የምትለውን በሆዷ እየደጋገመች ሄደች።

በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ፣ በእናቷ ዕድሜ ያሉ ሴትዮ መስኮቱ ሥር ልብስ ይሰፋሉ። አንገታቸው ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ ወለሉ በቁርጥራጭ ጨርቅ ተሞልቷል። እግራቸው የስፌት መኪናውን ፔዳል ይረግጣል፤ ከንፈራቸው ቃላቱን ይላል። መጽሐፍ የሚባል ነገር የትም አይታይም።

ሴትዮዋ አልደነገጡም። ከእግር እስከ ራሷ አዩአትና፣ «ቁመትሽ የእሷ ነው» አሉ።

ሚጡ ያዘጋጀችው ንግግር በኖ ጠፋ። «እሷ» ማን እንደሆነች መጠየቅም አላስፈለጋት፤ ሴትዮዋ ራሳቸው፣ ዓይናቸውን ከስፌቱ ሳይነቅሉ ነገሯት። ልጃቸው አመሻሽ ላይ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታጠና ነበር። መኪናው ስለሚጮህ እሷም ቃላቱን ጮክ ብላ ነበር የምትላቸው፤ እነሱም ሳይጠሩ እናትየው ጭንቅላት ውስጥ ገቡ። ፈተናው ሲቃረብ፣ «ሌተንት» ላይ ስትደርስ ልጅቷ ታመመች። ከዚያ አልጋ አልተነሣችም።

«እኔ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል አላውቅም። እሷ እንዳለችው ነው የምለው። ካልደገምኩት ድምጿ ይጠፋብኛል።»

አንዳንዱ ቃል ለኑሮም ይጠቅማል አሉ። ወገባቸውን ሲያማቸው «ኢነርቬት» ይላሉ፤ ብርታት መስጠት ማለት ነው። ልጃቸውም በመጨረሻዎቹ ቀናት እጇን ዘርግታ «እማ፣ ኢነርቬት አርጊኝ» ትላቸው ነበር። እሳቸውም እጇን ይዘው ይቀመጣሉ።

ሚጡ ልትወጣ ስትል እግራቸውን ከፔዳሉ አነሡ።

«ወንድምሽ ሲያጠና እሰማዋለሁ፤ እሱም ይሰማኝ የለ? እስቲ ጠይቂልኝ። ልክ ነበረች? ሊያስተዛዝነኝ የመጣ ሁሉ ‹ታልፍ ነበር› አለኝ። እነሱ በምን አውቀው?» ይህን ሲሉ አስተዛዛኞቹን ይቀበሉበት የነበረው ፈገግታ ፊታቸው ላይ መጣ፤ ከንፈራቸው ብቻ ነበር ፈገግ ያለው።

ሚጡ ለወንድሟ ሁሉንም ነገረችው። አመሻሽ ላይ ወንበሩን ግድግዳው ሥር አስጠግቶ እርሳስ ይዞ ተቀመጠ። ድምፁ ሲጀምር በመጽሐፉ ላይ እየተከተለ፣ ልክ፣ ልክ፣ ልክ እያለ ያንሾካሹካል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ኢነርቬት ማዳከም ነው» አለ። «ጉልበት መንሳት። ‹ኢነርጂ›ን ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሸወድበታል። አምና እኔም ስቼዋለሁ።»

ለሚጡ አልጋ ላይ ሆና እጇን የምትዘረጋው ልጅ ታየቻት። እማ፣ አድክሚኝ።

«ሁሉም ልክ ነው በያቸው» አለ ወንድሟ። «ምን ይጎዳቸዋል? አሁን ልጅቷን ማን ይፈትናታል?»

በማግስቱ ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚያወራው አልገባትም። ያቺ አንዲት ቃል በሁለት ትርጉም ትመላለስባታለች። ጓደኛዋ፣ «ምነው ዛሬ ነቅለሻል?» አለቻት።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ ሴትዮዋ ቤት ገባች።

«ሁሉም ልክ ነው ብሏል፣ እትዬ።»

የመኪናው መርፌ ጨርቁ መሃል ቆመ። ሴትዮዋ ያንኑ ለአስተዛዛኞቹ ያሳዩት የነበረውን ፈገግታ ፈገግ አሉላት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ እናት» አሉና ወደ ጨርቁ አጎነበሱ።

መኪናው ጮኸ። ሚጡ ቃላቱ እስኪቀጥሉ ጠበቀች፤ አልቀጠሉም። የሴትዮዋ ከንፈር ገጥሟል። ክፍሉ ውስጥ የፔዳሉ ድምፅ ብቻ ይመላለሳል። ሚጡ ያ በግድግዳ ሲሰማት ያስፈራት የነበረው ድምፅ እንዲህ ይናፍቅሻል ብትባል አታምንም ነበር።

በሩ ጋ ደረሰች። ብትወጣ ያልቃል። ወንድሟ በሰላም ያጠናል፤ እሷም በመስኮቱ ሥር ውኃዋን ቀድታ ትመለሳለች። እጇን መቃኑ ላይ እንዳደረገች ቆመች።

«እትዬ፣ ዋሽቼዎት ነው» አለች። «አንድ ስታለች።»

መኪናው ጸጥ አለ። ሴትዮዋ አልዞሩም። ትከሻቸው ግን ቀስ ብሎ ሲወርድ አየች።

«የትኛውን?»

ድምፁ ሚጡ በግድግዳ የምታውቀው አልነበረም። ልጇ ፈተና ተፈትና ስትመጣ በር ላይ የምትጠብቅ እናት ድምፅ ነበር፤ ትንሽ ቁጣ እንኳ አለበት።

ሚጡ ተመለሰች። ቁርጥራጩን ጨርቅ ገፋ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ «ወንድሜም ስቷታል» ብላ ጀመረች።