ከፈለጉኝ ይደውሉ

ሲስተር የሞቱት የነርስነት ተማሪዎቻቸውን በሚያለማምዱበት አልጋ ላይ ነው፤ ያውም ደንቡ አንድ ሳይጓደል። አልጋው እስከ ታች ዝቅ ብሏል። የጎኑ መከላከያ ብረት ወደ ላይ ተነሥቷል። ብርድ ልብሱ እስከ ደረታቸው ተስቦ አንዲት ሽብሽብ አይታይበትም። በቀኝ እጃቸው የጥሪ ደወል ጨብጠዋል፤ ገመዱ በብረቱ ላይ አንድ ጊዜ ተጠምጥሟል፤ አውራ ጣታቸው ቁልፉን እንደተጫነ ደርቋል።

መርማሪዋ ወደ ውስጥ ሳትገባ ደጃፉ ላይ ብዙ ቆመች። ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ ወገቧ አላስቀምጥ አላስቆም ብሏታል። እናቷን ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ባለ አልጋ ላይ አስታማ ስለቀበረች፣ የታመመ ሰው እንዴት እንደሚተኛ ማንም አይነግራትም።

«ስኳራቸው ከልክ በላይ ወርዷል» አላት ሐኪሙ። «የስኳር በሽተኛ ነበሩ፤ ልባቸውም ደካማ ነው። ተሳስተው ኢንሱሊን አብዝተው ራሳቸውን ወግተው ይሆናል።»

«ራሳቸውን ወጉ፤ ተኙ፤ ከዚያ ይህን ብረት አነሡ?»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ብረቱን አየ። መቆለፊያው ከፍራሹ በታች፣ በውጭ በኩል ነው። የተኛ ሰው እጅ አይደርስበትም።

ሬሳውን ያገኘችው የሲስተር የእህት ልጅ ናት። ከፊት ባለው ክፍል ልብስ ትሰፋለች፤ የኋላው ክፍል ግን የአክስቷ ግዛት ነበር። ሰማያዊ ክር ጉልበቷ ላይ ተበትኖ፣ ዓይኗ ደም መስሎ ተቀምጣለች።

«ቤቱን የምወርሰው እኔ ነኝ» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ሌላ ሰው ከሚነግርዎት ብዬ ነው።»

«ደግ አደረግሽ። ተማሪዎቹ ስንት ሰዓት ወጡ?»

«ሰባት ሰዓት። አክስቴ ምሳ በልተው እዚያው አልጋ ላይ ጋደም አሉ፤ ሁሌም እንደዚያ ናቸው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ልቀሰቅሳቸው ስገባ…»

«በመሃል የገባ ሰው አለ?»

«በእኔ በኩል የለም። ጓሮው ግን በር አለው፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ያውቁታል። የስፌት መኪናው ሲጮህ ደግሞ ጣራው ቢወርድ አልሰማም።»

«ይህ ደወል የት ነው የሚጮኸው?»

የእህታቸው ልጅ ገመዱን በዓይኗ ተከተለች። ጫፉ ከአልጋው ጀርባ በምስማር ታስሯል።

«የትም አይጮኽም። ለልምምድ ነው።»

መርማሪዋ ከዚያ ምስማር ላይ ዓይኗን ለማንሣት ጊዜ ወሰደባት። ከምስማሩ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በትልቁ የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «ከእጄ የወጣ አይወድቅም።»

በማግሥቱ ጠዋት ሦስቱን ተማሪዎች ወደዚያው ክፍል አስጠራች። ሦስቱም በመጪው ሳምንት ለነርስነት ሙያ ፈቃድ የተግባር ፈተና የሚዘጋጁ ናቸው። ያለ አሠልጣኝ ፊርማ የሚመዘገብ የለም፤ ምዝገባው ደግሞ የተዘጋው ሲስተር በሞቱበት ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር።

መጀመሪያ የገባው አሥር አለቃ ነው። ከውትድርና ከተሰናበተ ብዙ ጊዜው ነው፤ ማዕረጉ ግን ስም ሆኖ ቀርቶበታል።

«የሲስተርን ኢንሱሊን የሰጠኸው አንተ ነህ።»

«ተራዬ ስለነበረ ነው። ስፖንጅ ላይ ከምትለማመዱ የሰው ቆዳ ይሻላል ይሉ ነበር፤ የራሳቸውን መርፌ በየተራ እንወጋቸዋለን። ስድስት ተኩል ላይ የታዘዘላቸውን ሰጠሁ። መዝገቡ ላይ ፈርሜያለሁ።»

«ከወጋህ በኋላ መርፌውን ምን ታደርገዋለህ?»

አሥር አለቃ አፈረ። «ክዳኑን እገጥምና እጥላለሁ። ክልክል ነው፤ ጣት ይወጋል። ግን ግንባር ላይ ኪሳችን ነበር የምንከተው፤ አመል ሆኖ ቀረ። ሲስተር በቀይ እየጻፉብኝ አሰለቹኝ።»

«ይህ ሁሉ ቀይ እያለብህ ግን ፈረሙልህ።»

«እኔ ገና የመጀመሪያዬ ነው፤ ብወድቅ ማን ያውቀኛል? ሦስት ጊዜ የወደቀ ግን ለዘለቄታው ይታገዳል። ስሙ ካሠለጠነው ሰው ስም ጋር ይለጠፋል።» በአገጩ ወደ ሰሌዳው አመለከተ። «ያ እንዲወርድ አይፈልጉም ነበር።»

«ለሦስተኛ ጊዜ የሚፈተን ማነው?»

«ሦስቴ ናታ። ስሙንም ያወጡላት እሳቸው ናቸው።»

ሁለተኛዋ ሙሽራዋ ነበረች። ካገባች ገና አራት ወሯ ስለሆነ ሁሉም እንዲያ ይሏታል። አለቀሰች፤ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ቀጥሎም «ፈተናው ይተላለፍ ይሆን?» ብላ ጠየቀች። ባሏ ልክ በሰባት ሰዓት ከበር እንደሚወስዳት፣ አንድ ደቂቃ ብትዘገይ ክላክስ እያደረገ ሰፈሩን እንደሚያውክ ተናገረች። የእህታቸው ልጅም ክላክሱን ሰምታለች።

ሦስቴ በመጨረሻ ገባች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ሆስፒታል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በአስታማሚነት ሠርታለች፤ እጇ በሳሙናና በውኃ ብዛት ተሰነጣጥቋል። ወንበሩ ላይ ከመቀመጧ በፊት የመርማሪዋን አቀማመጥ አይታ፣ ከኋላዋ ትራስ አምጥታ ወገቧ ላይ ደገፈችላት።

«እግዜር ይስጥሽ» አለች መርማሪዋ፤ ከልቧ ነበር። «ሁለት ጊዜ በምን ወደቅሽ?»

«በአንድ ነጥብ። ሁለቴም በአንድ ነጥብ።»

«ሲስተር ዘንድሮ ፈረሙልሽ?»

«አልፈረሙም።»

«ሥራሽስ?»

«ፈቃድ የሌለው በወሩ መጨረሻ ይሰናበታል ብለዋል። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሌላ ሥራ ደግሞ አላውቅም።»

«ከሰባት ሰዓት በኋላ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ብቻዬን።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ካሰናበተች በኋላ የሲስተርን መደርደሪያ ፈተሸች። የእያንዳንዱ ተማሪ የመመዘኛ ቅጽ አለ፤ ሃያ ሁለት ተራ ቁጥር፣ ጉድለቱ በቀይ። ሁሉንም አንብባ ስትጨርስ፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበትን ቢጫ ካርቶን ጋዜጣ ላይ ገለበጠች። ካርቶኑ የተተካው ሲስተር በሞቱበት ቀን ጠዋት ነው። ሦስት መርፌ ወደቀ። አንዱ ክዳን አለው፤ ሁለቱ የላቸውም። በዚያው ቀን የተከፈተው የኢንሱሊን ብልቃጥ ደግሞ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መልሳ ጠራች። እሷ አንሶላ የተቀየረለት አልጋ ላይ ወጣች።

«ለወገቤም ሳይበጀኝ አይቀርም» አለች። «አንድ በአንድ ግቡና አስተኝታችሁኝ ውጡ። ልክ እንደ ፈተናው፤ ከተራ ቁጥር አሥራ ሰባት እስከ ሃያ ሁለት።»

የእህታቸው ልጅ ጥግ ይዛ እንድትመለከት አደረገች። አሥር አለቃ ብርድ ልብሱን እንደ ወታደር አልጋ ወጥሮ፣ አልጋውን ከፍ እንዳለ ትቶ፣ ደወሉንም ረስቶ ወጣ። ሙሽራዋ አልጋውን ዝቅ አደረገች፤ ብረቱን አነሣች፤ ደወሉን ግን እንደ ልማዷ ትራሱ ላይ ጣለችው።

ሦስቴ እጇን ታጥባ ገባች። ያ የተሰነጣጠቀ እጅ አልጋው ዘንድ ሲደርስ ሌላ እጅ ሆነ፤ አይቸኩልም፤ አያመነታም። ዝቅ አደረገች፤ ብረቱን አነሣች፤ ልብሱን ሳበች። ደወሉን አነሣችና ትንሽ ቆመች። ከዚያ ገመዱን በብረቱ ላይ አንድ ጊዜ ጠመጠመች፤ ደወሉን መርማሪዋ መዳፍ ውስጥ አድርጋ ጣቶቿን አጠፈችላት።

«ይኸው እጅዎ ላይ ነው። ከፈለጉኝ ይደውሉ።»

ጥግ የተቀመጠችው የእህታቸው ልጅ በእጇ አፏን ያዘች። «እንዲህ ነበር» አለች። «ልክ እንዲህ።»

መርማሪዋ ሌሎቹን አስገባቻቸው፤ አንድ ፖሊስም በሩ ሥር ተቀመጠ። ከአልጋው ሳትወርድ ተነሥታ፣ ባዶ የመመዘኛ ቅጽ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ብረቱን ያነሣው ሌላ ሰው ነው፤ የተኛ አይደርስበትም። የእህታቸው ልጅ መቆለፊያው የት እንዳለ እንኳ አታውቅም፤ ትናንት እኔ ነኝ ያወረድኩላት። ካርቶኑ ውስጥ ሦስት መርፌ አለ። ባለ ክዳኑ የአሥር አለቃ ነው። ከእሱ በኋላ ደንቡን የሚያከብር ሰው ሁለት ጊዜ ወግቷል። ሙሽራዋን ባሏ ወስዷታል፤ ባይወስዳትም ደወሉን ትራስ ላይ ነው የምታስቀምጠው፤ ስድስት ጊዜ በቀይ ተጽፎባታል። ገመዱን የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው። ለምን እንደምታስሪው ንገሪያቸው።»

ሦስቴ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«መጀመሪያ ስፈተን ረሳሁት። ሃያ አንዱን ሠርቼ እሱን ረሳሁት። ሁለተኛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ተንሸራቶ ወደቀ። ‹ከበሽተኛው እጅ ውጭ ነው› ብለው ጣሉኝ። ልክ ናቸው። በሽተኛ ሊጣራ ካልቻለ ነርስ የለውም ማለት ነው።»

«በጓሮ ተመልሰሽ መጣሽ።»

«የምዝገባ ፎርሙን ይዤ። ‹ሙሉውን አሳዪኝና እፈርማለሁ› አሉኝ። መርፌውን ውኃ ሞልቼ ወጋኋቸው። ሁሉንም ሠራሁ፤ አንድ አልሳትኩም። ‹እጅሽ ይንቀጠቀጣል፤ ለከርሞ› ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለከርሞ እኔ የት ነኝ? ‹እንግዲያው መርፌውን ብቻ ልድገመው› አልኳቸው። ሳያዩኝ ‹ድገሚ› ብለው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።» እጇን ገልብጣ አየችው። «ያን ጊዜ አልተንቀጠቀጠም።»

አሥር አለቃ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ፊርማቸውን አስመስለሽ ፈርመሽ ማስገባት ትችይ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ፎርምሽን መዝገብ ቤት አላገኘሁትም።»

«ሳልፈተን የሰው ፊርማ ልስረቅ?» ሦስቴ የተናቀች መሰላት። «ቀድጄ ጣልኩት።»

«ገመዱን ስታስሪ እንደሚያስይዝሽ አላወቅሽም?»

«ቅድም ነው? አውቄያለሁ። ደወሉን ሳነሣው ገባኝ። ግን በሽተኛ እንዲሁ ጥዬ መውጣት አልቻልኩም።»

«እሳቸውንም አልጣልሽም።»

«አልጣልኳቸውም። እጃቸው ላይ ነበር።»

መርማሪዋ ይህን ሳትናገር ብታልፈው ደስ ባላት ነበር፤ ግን ሥራዋ ነው።

«ደውለዋል» አለች። «አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ነው የተገኘው። ገመዱ ምስማር ላይ መታሰሩን አንቺም እሳቸውም ታውቁ ነበር።»

ሦስቴ አልጋውን ተደገፈች። የተሰነጣጠቀው እጅ ብረቱን ጨብጦ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ይህን ጊዜ የሚያስቆመው አልተገኘም። ፖሊሱ ከበሩ ተነሥቶ ቀረባት፤ መርማሪዋ ትንሽ እንዲታገሥ በዓይኗ ጠቀሰችው።

ሦስቴ ፊቷን በክንዷ ጠረገች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ቅድም የሠራሁት ያልፋል?»

መርማሪዋ የመመዘኛ ቅጹን ከጭኗ ላይ አነሣች። በቀይ የሚጻፍ አንድም ነገር አልነበረም።

«ያልፋል» አለች።

ሦስቴ ራሷን ነቀነቀችና ከፖሊሱ ፊት ፊት ወጣች። ልትወርድ የተነሣችው መርማሪ ግን መውረድ አቃታት። ብረቱ እንደተነሣ ነው፤ መቆለፊያው በውጭ በኩል ነው። አሥር አለቃ መጥቶ እስኪከፍትላት ድረስ፣ ደወሉን እንደያዘች ተቀምጣ ጠበቀች።